የወንዶችን ጉድ በድፍረት የጻፈው የንጉሡ ቀዶ ሐኪም፦ የላ ፔይሮኒ ሕይወት

የዛሬው ታሪክ ትንሽ ያሳፍራል። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ለራሳችሁ ባይሆን ለጓደኛችሁ ይጠቅማል።

አመሻሽ ላይ ሰባተኛ ታክሲ የሚጠብቅ አንድ ወጣት አስቡ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ረዳቶቹ ይጮኻሉ፣ ከአውቶቢስ ተራ በኩል ሻንጣ የተሸከመ ሰው ይጎርፋል። ልጁ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ጥግ ይይዛል። የስልኩን ብርሃን ይቀንስና አጠገቡ ያለው ሰው እንዳያይበት አዘንብሎ ይፈልጋል። የሚፈልገው ምን መሰላችሁ? ብልቱ ሲቆም ለምን እንደሚጎብጥ። ለማንም አልተናገረም። ለእናቱ አይነገር፣ ለጓደኛው ቢናገር የሰፈር ቀልድ ይሆናል። ስልኩ ደግሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አሥር ነገር ያመጣለታል፦ ቅባት፣ ክኒን፣ ዱቄት፣ በቴሌግራም የሚላክ «ዋስትና ያለው» መድኃኒት። በዚያ ሁሉ መሀል አንድ እንግዳ ስም ብቅ ይላል፦ ፔይሮኒ።

ብዙ ሰው የመድኃኒት ስም ይመስለዋል። አይደለም፣ የሰው ስም ነው። የዛሬ 280 ዓመት ገደማ ይህን ነገር ሳያፍር ቁጭ ብሎ የጻፈ የፈረንሳይ ንጉሥ ቀዶ ሐኪም ነው። የሰውዬው ሕይወት ራሱ ስለ ሀፍረትና ስለ ንቀት የሚያስተምር ነው። እንሂድ።

▪ የፀጉር ቆራጩ ልጅ

ፍራንሷ ዢጎ ደ ላ ፔይሮኒ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1678 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሞንፔሊዬ በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ በሕክምና ትምህርት ቤቷ በመላው አውሮፓ የታወቀች ነበረች። አባቱም በሕክምና ሥራ ላይ ነበር፣ ግን ዛሬ እኛ እንደምናውቀው ሐኪም አይደለም። ፀጉር ቆራጭም ቀዶ ሐኪምም ነበር።

አዎ፣ ሁለቱም! በዚያ ዘመን ፂም የሚላጨው ሰው ነው እባጭ የሚያፈርጠው፣ ጥርስ የሚነቅለው፣ የተሰበረ አጥንት የሚጠግነው፣ እግር የሚቆርጠው። ምላጭ የያዘው እሱ ነዋ። ዩኒቨርሲቲ የተማረው «እውነተኛ» ሐኪም ግን ረጅም ካባ ለብሶ፣ በላቲን እያወራ፣ መድኃኒት ያዛል እንጂ እጁን ደም አያስነካም። በእጁ የሚሠራውን ሰው ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያየው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛም አገር ወጌሻው አጥንት ሲጠግን፣ ሌላው ሲያገምና እንጥል ሲቆርጥ፣ ሥራው ይፈለጋል፣ ሲቸግር በሌሊት በሩ ይንኳኳል። ክብሩ ግን ሁልጊዜ ከሥራው ያነሰ ነው። ላ ፔይሮኒ የተወለደው እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው። በ1695፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ እሱም የፀጉር ቆራጭና የቀዶ ሕክምና የምስክር ወረቀቱን ያዘ።

በነገራችን ላይ፣ ከዚያ 4 ዓመት በኋላ፣ በ1699፣ ሻርል ዣክ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ዓፄ ኢያሱን ሊያክም ጎንደር ገብቷል። ስለዚህ ዘመኑን ለማሰብ ከፈለጋችሁ የታላቁ ኢያሱ ጎንደር ላይ አድርጋችሁ አስቡት። እዚህ ንጉሥ የቆዳ ሕመሙን የሚያክምለት ሰው ከባሕር ማዶ ሲያስፈልግ፣ እዚያ ደግሞ የ21 ዓመቱ ላ ፔይሮኒ ሙያውን እየተማረ ነበር።

▪ ንጉሡ የታመመበት ቦታ

ላ ፔይሮኒ ወደ ፓሪስ ሄዶ ዦርዥ ማሬሻል ከሚባል ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ዘንድ ተማረ። ማሬሻል የሚሠራው ሻሪቴ በሚባለው ሆስፒታል ነበር። በኋላም በ1703 የሉዊ 14ኛ የመጀመሪያ ቀዶ ሐኪም ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ሳንነግራችሁ ማለፍ አንችልም። በ1686 ሉዊ 14ኛ፣ ያ በወርቅ ያሸበረቀው የቬርሳይ ንጉሥ፣ በመቀመጫው በኩል ፊስቱላ ወጣበት። ስሙን መጥራት ያሳፍራል፣ ሕመሙ ግን ያስጮኻል። ካባ ለባሾቹ ሐኪሞች ቅባት ሞከሩ፣ ሌላም ሌላም ሞከሩ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ያዳነው ፌሊክስ የሚባል ቀዶ ሐኪም ነው፣ በቢላ። ንጉሡ ከዳነ በኋላ የቀዶ ሐኪሞች ስም ከፍ አለ። ልብ በሉ! ሙያውን ያስከበረው ሰው ሁሉ የሚደብቀው ቦታ ላይ የወጣ ሕመም ነው። ላ ፔይሮኒም በኋላ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሞንፔሊዬ ተመለሰ። የሰውነት አካላትን ጥናትና ቀዶ ሕክምናን አስተማረ፣ በከተማዋ ሆስፒታል ሠራ፣ ከጦር ሠራዊት ጋርም ወጥቶ ቁስለኛ አከመ። በ1706 የሞንፔሊዬ የንጉሣዊ ሳይንስ ማኅበር ሲቋቋም አባል ሆነ።

በዚያ ማኅበር ፊት ያቀረበው አንድ ጥናት ስለ አንጎል ነው። ጭንቅላታቸው የተመታ ሰዎችን አንድ በአንድ መዘገበ። የአንጎሉ የትኛው ክፍል ሲጎዳ ሰውዬው አእምሮውን ይስታል? የትኛውስ ተጎድቶ ሰውዬው እንዳለ ይቆያል? ብሎ አነጻጸረ። ከዚያም የነፍስ መቀመጫ የአንጎልን ሁለት ግማሾች የሚያገናኘው ድልድይ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ድምዳሜው ዛሬ አይሠራም። መንገዱ ግን የሚደነቅ ነው፦ በጭፍን ከመናገር ይልቅ በሽተኛ ማየት፣ መጻፍ፣ ማነጻጸር። ይህን ጠባዩን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

▪ ወደ ፓሪስ፣ ወደ ቤተ መንግሥት

በ1714 ከፓሪስ ጥሪ መጣ። የሾን መስፍን ፊስቱላ ይዞት ነበርና ከደቡብ ድረስ ላ ፔይሮኒ ተጠራ። አዳነው። እንደገና አስቡት፦ አሁንም ሰው በአደባባይ የማያወራው ሕመም ነው የሰውዬውን ሕይወት የቀየረው። ከዚያ በኋላ ፓሪስ ቀረ። በ1717 ማሬሻልን እንዲተካ ተመረጠ፣ ማሬሻል በ1736 ሲሞት ደግሞ የሉዊ 15ኛ የመጀመሪያ ቀዶ ሐኪም ሆነ።

ሥልጣን ላይ ሲወጣ ምን አደረገ? ብዙ ሰው ቤተ መንግሥት ሲገባ የመጣበትን ይረሳል። እሱ አልረሳም። ከመምህሩ ጋር ሆኖ በ1724 በፓሪስ የቀዶ ሐኪሞች ትምህርት ቤት 5 አስተማሪዎች በንጉሥ ትእዛዝ እንዲመደቡ አደረገ። በ1731 ሁለቱ የቀዶ ሕክምና አካዳሚን አቋቋሙ። በሚያዝያ 1743 ደግሞ ትልቁ ነገር መጣ፦ በንጉሥ አዋጅ ቀዶ ሐኪሞች ከፀጉር ቆራጮች ተለዩ። በፓሪስ ቀዶ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ሰውም ከዚያ በፊት የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ መያዝ ግድ ሆነበት።

የፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ ይህን በደስታ አልተቀበለውም። ባለ ካባዎቹ ለዓመታት ተከራከሩ፣ ከሰሱ። የፀጉር ቆራጭ ልጅ እንዴት ከእኛ እኩል ይቆማል ነው ነገሩ። ላ ፔይሮኒ ግን አልተንበረከከም። ዛሬ ቀዶ ሐኪም ስትባሉ በአክብሮት «ዶክተር» የምትባሉት፣ የዚህ ትግል ውጤትም አለበት።

▪ 1743፦ መቁጠሪያ የመሰለው ጠጣር ነገር

በዚያው በ1743 አካዳሚው የመጀመሪያውን የጥናት መጽሐፍ አሳተመ። ውስጡ የላ ፔይሮኒ ጽሑፍ ነበረበት። ርእሱ የወንድ ዘር በተፈጥሮው መንገድ እንዳይወጣ ስለሚያግዱ ነገሮች ነው።

ምን ጻፈ? ወደ እሱ የመጡ ወንዶች ብልታቸው ሲቆም ቀጥ አይልም፣ እንደ ቀስት ይጎብጣል። በእጁ ሲዳስስ በብልቱ ርዝመት ጠጣር ጠጣር እብጠት አገኘ። አንዳንዱ ላይ እብጠቱ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተደርድሯል። እኛ ደግሞ መቁጠሪያ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳንም፣ እናቶቻችን እጅ ላይ እያየን ነው ያደግነው። ሰውዬው የመረጠው ምሳሌ ከ280 ዓመት በኋላ ሰባተኛ ላለ ልጅም ወዲያው ይገባዋል።

ላ ፔይሮኒ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። ጣሊያናዊው ፋሎፒዮ ከእሱ 200 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነገሩን ጠቅሶት ነበር። ግን ላ ፔይሮኒ የንጉሥ ቀዶ ሐኪም ነው፣ የአካዳሚ መሪ ነው፣ ስሙ የከበረ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት ቁስል ብቻ ጽፎ ዝም ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ስለዚህ ጉዳይ በስሙ ጻፈ። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ናቸው የሚገዙት። ያን ያህል ሩቅ ዘመን ነው።

▪ ሕክምናው ግን...

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። በሽታውን በትክክል ገለጸ፣ ሕክምናው ግን ልክ አልነበረም።

አንደኛው ሕክምናው ፍል ውሃ ነው። በፒሬኔ ተራሮች ውስጥ ባሬዥ የምትባል ቦታ ድኝ የሚሸት ሙቅ ውሃ አለ። በሽተኞቹን በዚያ ውሃ ያክም ነበር። ይህንንም አትሳቁበት። አዲስ አበባ ራሷ የተመሠረተችው በፍል ውሃ ምክንያት ነው፣ እስከ ዛሬም ሰው ለወገቡም ለቆዳውም ሶደሬና ወንዶ ገነት ይወርዳል።

ሁለተኛው ባዜቃ ነው፣ ሜርኩሪ። በዚያ ዘመን ለአባላዘር በሽታ ዋናው መድኃኒት ባዜቃ ስለነበር፣ ብልት ላይ የወጣ ነገር ሁሉ በባዜቃ ነበር የሚታከመው። ባዜቃ መርዝ ነው። ኩላሊት ይጎዳል፣ ነርቭ ይጎዳል።

ታዲያ ይህን የሚያህል ጥንቁቅ ሰው ሕክምናው እንደሚሠራ ለምን አመነ? መልሱ በሽታው ራሱ ውስጥ ነው። ይህ በሽታ ሁለት ጊዜ አለው። መጀመሪያ ላይ ያማል፣ ጉብጠቱም ይለዋወጣል። ይህ ከብዙ ወራት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይቆያል። ከዚያ በኋላ ሕመሙ አብዛኛው ሰው ላይ በራሱ ይጠፋል። ጥቂት ሰዎች ላይ ጉብጠቱም በራሱ ይሻሻላል። እንግዲህ አስቡት፦ በሽተኛው ባሬዥ ሄዶ ከርሞ ሲመለስ ሕመሙ ጠፍቷል። ምስጋናው ለማን ነው? ለውሃው! ውሃው ባይኖርም ሕመሙ መጥፋቱ አይቀርም ነበር።

ዛሬም መርካቶ ላይ ቅባት የሚሸጠው ሰው፣ ቴሌግራም ላይ የተፈወሱ ሰዎችን ምስክርነት የሚለጥፈው ገጽ፣ የሚጠቀሙት በዚህችው ቀዳዳ ነው። አንዳንዱ እያወቀ ያታልላል፣ አንዳንዱ እንደ ላ ፔይሮኒ ከልቡ ያምናል። ለበሽተኛው ግን ሁለቱም ያው ነው።

▪ መጨረሻው

በ1744 ሉዊ 15ኛ ሜትዝ በምትባል ከተማ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ሲይዘው፣ ላ ፔይሮኒ አልጋው አጠገብ ከነበሩት አንዱ ነበር። ንጉሡ ዳነ። ላ ፔይሮኒ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፣ በሚያዝያ 1747 በ69 ዓመቱ ቬርሳይ ላይ ሞተ።

ንብረቱን ለማን ተወ? ለቀዶ ሐኪሞች ማኅበር፣ የፓሪስና የሞንፔሊዬ። በዚያ ገንዘብ ትውልድ ከተማው ላይ ለተማሪዎች የሰውነት አካላት መማሪያ አዳራሽ ተሠራ፣ ሕንፃው አሁንም ቆሞ አለ። በሞንፔሊዬ የሕክምና ፋኩልቲ በር ላይ ሐውልቱ አለ፣ የከተማዋ ትልቅ ሆስፒታልም በስሙ ይጠራል። ያ ሐውልት የቆመው ካባ ለባሾቹ በናቁት በፀጉር ቆራጭ ልጅ ስም መሆኑን አስቡ። ለዓለም ግን ስሙን ያተረፈለት አዳራሹም ሐውልቱም አይደለም። ሰው ሁሉ የሚያፍርበት አንድ ጽሑፍ ነው።

▪ እሺ፣ ዛሬስ ምን ይታወቃል?

አሁን ወደ ታክሲው ውስጥ ልጅ እንመለስ። ለእሱ የሚያስፈልገውን ነገር በአጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ትንሽ ጎበጥ ማለት በሽታ አይደለም። ብዙ ወንድ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ላይ ትንሽ ያዘነብላል። ካላመመህና ግንኙነት ካልከለከለህ ምንም የሚታከም ነገር የለም። ፊልም ላይ ከምታየው ጋር ራስህን አታወዳድር።

ሁለተኛ፣ ከልደት የሚመጣ ጉብጠት አለ። ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ነው የሚያስተውለው። ከዚያ በፊት ቀጥ ያለ አልነበረም፣ ሲዳሰስ ጠጣር ነገር የለውም፣ አያምም፣ ዓመት ቢቆይም አይብስም። ይህ የላ ፔይሮኒ በሽታ አይደለም። ክኒን አያቃናውም፣ ቅባት አያቃናውም። በጣም የጎበጠና ግንኙነት የማያስችል ከሆነ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፣ ካልሆነ እንዳለ መተው ነው። የ20 ዓመት ወጣቶች የሚጨነቁበት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ሦስተኛው እውነተኛው የፔይሮኒ በሽታ ነው። ቀድሞ ቀጥ ያለ ብልት በኋላ መጉበጥ ይጀምራል። ብልት ሲቆም ደም የሚሞላባቸው ሁለት ዘንጎች አሉ፣ እነሱን የሚሸፍን ጠንካራ የሚለጠጥ ሽፋን አለ። ያ ሽፋን በትንንሽ ጉዳት፣ ለምሳሌ በግንኙነት ጊዜ በመታጠፍ፣ ሲቆስልና ቁስሉ በደንብ ሳይድን ጠባሳ ሲሠራ፣ ጠባሳው አይለጠጥም። ሌላው ወገን ሲለጠጥ ጠባሳ ያለበት ወገን ይቀራል፣ ስለዚህ ወደ ጠባሳው ይጎብጣል። የላ ፔይሮኒ መቁጠሪያ ይህ ጠባሳ ነው። በብዛት የሚታየው በ50ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ወንዶች ላይ ነው፣ ወጣትንም ግን ይይዛል። የስኳር በሽታና ሲጋራ ከእሱ ጋር ይያያዛሉ። የእጅ መዳፍ ውስጥ ጅማት ተኮማትሮ ጣት የሚያጥፍ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይም ይበዛል። ካንሰር አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ የአባላዘር በሽታ አይደለም፣ የእርግማንም ውጤት አይደለም።

▪ ያለ ቀዶ ሕክምና ምን ይቻላል?

ማስታገሻ፦ በመጀመሪያው የሚያምበት ጊዜ ላይ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች ለሕመሙ ይረዳሉ። ጉብጠቱን ግን አያቃኑም። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይወስድ።

ክኒንና ቫይታሚን፦ ቫይታሚን ኢ ለብዙ ዓመት ሲታዘዝ ኖሯል። ታሞክሲፌንና የዓሣ ዘይትም ተሞክረዋል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር በ2015 ባወጣው መመሪያ እነዚህን አትስጡ ብሏል፣ ምክንያቱም እንደሚሠሩ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

መርፌ፦ ጠባሳው ውስጥ በቀጥታ የሚወጋ መድኃኒት አለ። በማስረጃ የተሻለው ኮላጅኔዝ ይባላል፣ ጠባሳውን የሚያላላ ነው። በአሜሪካ በ2013 መጨረሻ ተፈቅዷል፣ ጉብጠታቸው ቢያንስ 30 ዲግሪ ለሆነና ጠባሳቸው ለሚዳሰስ ወንዶች። 832 ወንዶች በተሳተፉበት ምርምር፣ መድኃኒቱን የተወጉት በአማካይ 17 ዲግሪ ገደማ ተሻሻሉ። ባዶ መርፌ የተወጉትም 9 ዲግሪ ገደማ ተሻሽለዋል። ልዩነቱን አያችሁ? መድኃኒቱ ይረዳል፣ ግን ቀጥ አድርጎ አይመልስም። ባዶ መርፌውም «ሠርቷል»፣ የባሬዥ ውሃ «እንደሠራው»። ጉዳትም አለው፦ ደም መቋጠር፣ አልፎ አልፎም የብልት መሰበር። ስለዚህ በሠለጠነ ዩሮሎጂስት እጅ ብቻ የሚሰጥ ነው። ኢንተርፌሮንና ቬራፓሚል የሚባሉ መርፌዎችም አሉ። የቬራፓሚል ማስረጃው ደከም ያለ ነው።

መወጠሪያ መሣሪያ፦ ብልትን ቀስ ብሎ ለወራት የሚወጥር የሕክምና መሣሪያ ነው። የድሮዎቹ በቀን ብዙ ሰዓት ይደረጉ ነበር፣ ከአዲሶቹ አንዱ ደግሞ በቀን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ተደርጎ ተጠንቷል። ትዕግሥት ላለው ሰው መጠነኛ ለውጥ ያመጣል። ይህ ግን ቤት ውስጥ ክብደት ማንጠልጠል ወይም በእጅ መጎተት ማለት አይደለም። እሱ ራሱ ሽፋኑን አቁስሎ በሽታውን ሊያመጣ ይችላል።

የሞገድ ሕክምና፦ ሾክ ዌቭ የሚሉት ነው። ለሕመሙ ሊረዳ ይችላል፣ ለጉብጠቱ ግን አይሠራም። ጉብጠት አቃናለሁ ብሎ ውድ ዋጋ ከጠየቃችሁ ሰው ራቁ። ጨረርም ለዚህ በሽታ አይመከርም።

የመቆም ችግር፦ ከበሽታው ጋር አብሮ ይመጣል፣ የሚታከምም ነው። ግን በሐኪም ትእዛዝ እንጂ ከሱቅ ጀርባ በሚሸጥ ስሙ በማይታወቅ ክኒን አይደለም። በተለይ የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ለሕይወት ያሰጋል።

ይህ ሁሉ አልፎ፣ በሽታው ከረጋ በኋላ ጉብጠቱ አሁንም ግንኙነት የሚከለክል ከሆነ ነው የላ ፔይሮኒ ሙያ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የሚመጣው።

▪ አሁን ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ጤና ጣቢያ ሂድ። የወንድ ሐኪም ከፈለግህ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነገሩን በአጭሩ ተናገር፦ መቼ ጀመረ፣ ያማል ወይ፣ ጠጣር ነገር ይዳሰሳል ወይ፣ ግንኙነት ይከለክላል ወይ። ካስፈለገ ሪፈር ተጽፎልህ ዩሮሎጂስት ወዳለበት ሆስፒታል ትሄዳለህ። ሐኪሙ ብልትህ በቆመበት ጊዜ ከላይና ከጎን የተነሳ ፎቶ ሊጠይቅህ ይችላል። ለሕክምና የተለመደ ነው፣ ለእሱ ብቻ አሳየው፣ በምንም ግሩፕ አትላከው።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። በግንኙነት ጊዜ የመሰበር ድምፅ ሰምተህ፣ ብልትህ ወዲያው ወርዶ ካበጠና ከጠቆረ፣ በዚያች ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ስላፈሩ የሚዘገዩ ሰዎች ናቸው ኋላ ላይ በጠባሳ የሚሠቃዩት።

የመጨረሻው ነገር፦ ይህ በሽታ አእምሮንም ይጎዳል። በአንድ ጥናት ውስጥ ከታዩት ወንዶች ግማሽ ያህሉ የድብርት ምልክት ነበራቸው። ከትዳር የሚሸሽ፣ እጮኛውን ያለ ምክንያት የሚተው፣ ራሱን ከሰው የሚያገል ወንድ አለ፣ ምክንያቱን ማንም አያውቅለትም። ሕመሙ አካል ላይ ነው፣ ዝምታው ግን ሰውየውን ሁሉ ይበላዋል።

ላ ፔይሮኒ በመድኃኒቱ ተሳስቷል። ባዜቃው ጎጂ ነበር፣ ፍል ውሃውም ጠባሳ አያቀልጥም። ግን አንድ ነገር በትክክል አደረገ፦ ያፈሩ ወንዶች በሩን ሲያንኳኩ አልሳቀባቸውም። ዳሰሰ፣ መዘገበ፣ በስሙ ጻፈ። ከእሱ በኋላ የመጡት ስህተቱን ያረሙት እሱ ስለጻፈው ነው። ያልተነገረ ነገር አይታከምም፣ አይታረምምም።

እናንተም ይህን ለሚያስፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ላኩለት። ላኪውን አይጠይቃችሁም፣ ግን ምናልባት ነገ ጠዋት ቅባቱን ትቶ ሐኪም ጋ ይሄዳል። ሰላም ሁኑ!